የአሮጌ ፒክአፕ ጋቢና፦ ሙቀቱ በየት በኩል ነው የሚገባው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነው? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ባለ ነጠላ ጋቢና ፒክአፕ አለችኝ። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ኤሲ አላት፣ ግን እንዳላት አይቆጠርም። በጋ ሲገባ ቀትር ላይ መንዳት ቅጣት ሆኖብኛል። እግሬ ይቃጠላል፣ ጭንቅላቴ ይፈላል። አንዱ ወለሉን በሙሉ ፎይል አልብሰው ይለኛል። አንዱ መስታወቱን ጥቁር አስለጥፍ ይላል። ሌላው ደግሞ የኤሲ ጋዝ አስሞላና ተገላገል ይላል። ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ የለኝም። ከየትኛው ልጀምር?»

መልስ፦ ከሦስቱም አትጀምር።

ሦስቱም ምክሮች በቦታቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን መካሪዎችህ መኪናዋን ሳይነኩ ነው መድኃኒት ያዘዙት። አንተ ራስህ የመልሱን ግማሽ ጽፈኸዋል። «እግሬ ይቃጠላል፣ ጭንቅላቴ ይፈላል» ብለሃል። እነዚህ ሁለት ሙቀቶች ዘመድ አይደሉም። እግርህን የሚያቃጥለው በአብዛኛው ሞተሩ ነው። ጭንቅላትህን የሚያፈላው ፀሐይ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የራሴን ፒክአፕ ወለል እስከ ላሜራው ገፈፍኩት። ሦስት ቀን ተንበርክኬ ሙቀት መከላከያ አለበስኩት። ሞኬቱን መለስኩ፣ መቀመጫውን አሰርኩ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። አሥር ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ቀኝ እግሬ እንደ ድሮው ነደደ። ጥፋተኛው ወለሉ አልነበረም። የሂተሩ ቫልቭ ነበር። በጡጫዬ ውስጥ የምትደበቅ ዕቃ! ስለዚህ ካንተም ጋር ከእሷ እንጀምር።

በጋ ላይ ሂተር ለማንም ትዝ አይለውም። የሞተር ውሃ ግን በሥራ ላይ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ከዚህ ውሃ የተወሰነው በሁለት የጎማ ቱቦዎች አድርጎ ከዳሽቦርዱ ሥር ወዳለች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። በብርድ ጊዜ የምታሞቅህ እሷ ናት። ብዙ አሮጌ ፒክአፖች ላይ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ አለ። ከዳሽቦርዱ ማንሻ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን የሽቦ ገመድ ነው። ገመዱ በዕድሜ ብዛት ይለጠጣል፣ ወይም ከመያዣው ይሾልካል። ቫልቩም ራሱ ዝገት ይበላውና ልቡ አይገጥምም። አንተ ማንሻውን «ቀዝቃዛ» ላይ አድርገህ ተማምነሃል። እሱ ግን ከውስጥ ግማሹ ክፍት ነው። በ35 ዲግሪ ቀን ሂተር አብርተህ እየነዳህ ነው ማለት ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ንዳ። ማንሻው እስከ ጥግ ድረስ ቀዝቃዛው ላይ ይሁን። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲሁ ከነዳህ በኋላ አቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ኮፈኑን ክፈት። ቺንጋውና ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ሙሉ በሙሉ መቆማቸውን እይ። ከዚያ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን የላሜራ ግድግዳ ተመልከት። ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ሆነው ሲገቡ ታያለህ። የእጅህን ጀርባ ቀስ አድርገህ አስጠጋ። አትጨብጥ፣ ሊያቃጥልህ ይችላል። ከቫልቩ አልፎ ወደ ጋቢናው የሚገባው ቱቦ ከሌላው በግልጽ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ሁለቱም እኩል የሚፋጁ ከሆነ ሌባውን አገኘኸው። እግረ መንገዴን፦ ሞተሩ ትኩስ እያለ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍት። ውሃው ግፊት አለው፣ ፊትህ ላይ ይፈነዳል።

አንዳንዴ ጥገናው ገመዱን ሳብ አድርጎ ማሰር ብቻ ነው። ቫልቩ ካረጀ ይቀየር። ዕቃው እስኪገኝ ደግሞ ሌላ መላ አለ። ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ሁለቱን ቱቦዎች ከጋቢናው በኩል ትነቅልና ከሞተሩ የሚወጣውን በቀጥታ ወደ ሞተሩ ከሚመለሰው ጋር ታገናኛለህ። ሂተሯ ተዘለለች ማለት ነው። የፈሰሰውን ውሃ መተካት አትርሳ። አፋቸውን በቡሽ ደፍኖ መተው ግን አይሆንም። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ይህ መስመር የውሃው መዞሪያ አካል ነው። ከዘጋኸው ጋቢናህን አቀዘቅዛለሁ ብለህ ሞተርህን ትቀቅላለህ። ሌላም ማወቅ ያለብህ፣ ሂተር ከሌለ የፊት መስታወት ጉም ሲይዝ የሚያጠራልህ ትኩስ አየርም የለም። ዝናብ ሲመጣ መልሰው።

ጨርሶ ቫልቭ የሌላቸው መኪኖችም አሉ። እነሱ ላይ ትኩሱ ውሃ ሁልጊዜ ይዞራል። ቀዝቃዛውንና ትኩሱን አየር የሚለየው ከዳሽቦርዱ ውስጥ ያለች መዝጊያ ናት። መዝጊያዋ ዳር ዳሩን ስፖንጅ ተለጥፎባታል። ስፖንጁ ሲያረጅ ይበጣጠሳል። ከአየር ማውጫው ጥቁር ፍርፋሪ ጭንህ ላይ እየተፋብህ ከሆነ ስፖንጁ አልቋል ማለት ነው። ዳሽቦርድ ማስፈታት አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ሌላ አቋራጭ የለውም።

ሂተሩ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ወይም ከተስተካከለ፣ ቀጥሎ ቀዳዳ ፍለጋ ነው። ለዚህ ሥራ ማታ ይሻላል። አንድ ሰው ከኮፈኑ ሥር ኃይለኛ የእጅ ባትሪ ይዞ በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ያብራ። አንተ ጋቢናው ውስጥ ጭንቅላትህን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገብተህ ተኛ። ብርድ ልብስ ከላይህ ጣል አድርግ። ከዚያ ጠብቅ። እኔ ይህን በሠራሁ ቁጥር የሰማይ ከዋክብት ነው የማየው። የፍሬን ፔዳሉ አጠገብ አንድ፣ የመሪው ዘንግ ዙሪያ ግማሽ ክብ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት ሁለት ሦስት። ድሮ እያንዳንዱ ቀዳዳ ጎሚኒ፣ ማለትም ዳሩን የሚይዝ የጎማ ቀለበት ነበረው። ጎሚኒው ደርቆ ወድቋል። ወይም አንድ ሰው ቴፕ ሲያስገባ ለሽቦ ብሎ በስቶ ትቶታል።

በእያንዳንዷ ቀዳዳ የሞተሩ ትኩስ አየር ይገባል። ስትነዳ ግፊት ስላለ ይባስ ይላል። ቀዳዳው የሚያስገባው ደግሞ ሙቀት ብቻ አይደለም። የጭስ ማውጫው የሆነ ቦታ ላይ ከተነፈሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚያው ይገባል። ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ከዚያም ይገድላል። «ሙቀቱ ነው ያዞረኝ» የሚል ሹፌር ሳገኝ መጀመሪያ የማየው የጭስ ማውጫውን ነው። የሽቦዎቹን ጎሚኒ ቀይር። ምንም የማያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ድፈን። ትልልቆቹን በላሜራ ቁራጭና በብሎን ዝጋ።

የማርሽ ዘንጉን ላስቲክ ለብቻው እይ። ብዙዎቹ ፒክአፖች ላይ ከሚታየው ቆዳ መሰል ልብስ ሥር ሌላ ወፍራም ላስቲክ አለ። ላይኛው አዲስ ሆኖ ታችኛው ተቀዶ አይቻለሁ። ማርሽ ስትቀይር አንጓህ ላይ ትኩስ እፍታ ከተሰማህ ታችኛው የለም ማለት ነው። ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) ከሥሩ ነው ያለው፣ የጭስ ቱቦውም ሩቅ አይደለም።

አሁን ከመኪናው ሥር ግባ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ጎማው ታኮ ተደርጎለት። የጭስ ቱቦው ከወለሉ በታች በሚያልፍበት መስመር ላይ ፋብሪካው ቀጭን የቆርቆሮ ጋሻ ሰቅሎ ነበር። አሁን አለ? ብዙ ጊዜ የለም። ብሎኑ ይዝጋል፣ ቆርቆሮው መንጋጋት ይጀምራል፣ ሹፌሩ በድምፁ ይማረራል፣ መካኒኩ ነቅሎ ይጥለዋል። ጫጫታው ጠፋ ተብሎ ደስ ይላል። በጋ ሲመጣ እግር ይነድዳል። ማንም ሁለቱን አያገናኛቸውም። ጋሻውን መልስ። ኦሪጅናሉ ካልተገኘ ስስ ቆርቆሮ አስቆርጥ። ዋናው ነገር ከወለሉም ከቱቦውም ጋር ሳይነካ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር አየር በመሀል ትቶ መሰቀሉ ነው። ከሙቀቱ የሚያድንህ ቆርቆሮውና ክፍተቱ አንድ ላይ ሆነው ነው።

እዚህ ላይ የፎይሉን ነገር እናንሣ። ፎይል ሥራው እንደ መስታወት ነው። ወደ እሱ የሚጨረር ሙቀትን ወደ መጣበት ይመልሳል። ይህን ለማድረግ ግን ከፊቱ ባዶ አየር ያስፈልገዋል። በወለሉ ላሜራና በሞኬቱ መሀል ተጣብቆ ከተኛ የሚመልሰው ነገር የለም። ብረት ነው፣ ሙቀት ተቀብሎ ያስተላልፋል። ወለል ላይ የሚያስፈልግህ ውሃ የማይመጥ፣ ውስጡ በተዘጉ የአየር ጉድጓዶች የተሞላ ፎም ነው። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። የወጥ ቤት ስፖንጅ ዓይነቱን አታስገባ። ውሃ ይጠጣል፣ ወለሉን በዝገት ይበላዋል፣ ጋቢናው ይሸታል። ሬንጅ የሚመስለው ከባዱ ልባጥም አለ። እሱ ለድምፅ ነው የተሠራው። በሩ «ቧ» ማለቱን ትቶ «ድም» እንዲል ያደርገዋል። ለሙቀት ግን ብዙም አይፈይድህም።

ወለሉን ከከፈትክ አይቀር ዝገቱን ፍቀህ ቀባ፣ ሁለት ቀን አድርቅ። እርጥብ ላሜራ ላይ ፎም መለጠፍ ቁስልን ሳያጥቡ ማሰር ነው።

የእግርህ ጉዳይ ይኸው ነው። ወደ ጭንቅላትህ እንሂድ።

ጥርት ባለ ቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 1000 ዋት ያህል ኃይል ታወርዳለች። የጋቢናህ መስታወቶች ሁሉ ተደምረው ሁለት ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው። ፀሐይ ሁሉንም በአንዴ ፊት ለፊት አታገኛቸውም። ያም ሆኖ ክፉ ሰዓት ላይ አንድ የልብስ ካውያ ጋቢናው ውስጥ ሳይጠፋ እንደተቀመጠ ቁጠረው። ብርሃኑ መስታወቱን አልፎ ዳሽቦርዱን ይመታል። ዳሽቦርዱ ይግላል። የጋለው ዳሽቦርድ መልሶ የሚለቀው ሙቀት ግን በመስታወቱ አልፎ መውጣት አይችልም። ገብቶ ቀረ።

ቁጥር ከፈለግህ፣ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አለ። ከ38 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን መኪኖችን ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆሙ። የውስጡ አየር በአማካይ 47 ዲግሪ ደረሰ። መሪው 53፣ ዳሽቦርዱ 69። ጥላ ሥር የቆሙት ላይ አየሩ 38፣ ዳሽቦርዱ 48 ሆነ። ዳሽቦርዱ ላይ ብቻ የ21 ዲግሪ ልዩነት። ጥላ ነፃ ነው። ሁለት መቶ ሜትር በእግር የሚያስኬድህ ቢሆን እንኳ ከጥላው አቁም።

መስታወት ትንሽ ዝቅ አድርጎ መኪናውን አቁሞ መሄድ ብዙ ሰው የሚያምንበት ዘዴ ነው። ልዩነቱ ኢምንት ነው። በሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የመኪናው ውስጥ ሙቀት በአማካይ 22 ዲግሪ ያህል ጨመረ። ከጭማሪው 80 በመቶው የመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስታወቱ በጥቂቱ መከፈቱ ብዙ አልረዳም። ስለዚህ «አሁን መጣሁ» ተብሎ ልጅ ጋቢና ውስጥ አይተውም። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን።

መጋረጃ ከውጭ ሲሆን ይበልጣል። ፀሐይን መስታወቱን ሳታልፍ ነው መያዝ ያለብህ። ጋራዥ ወይም ግቢ ስታቆም የፊት መስታወቱን ከውጭ በነጭ ሸራ ሸፍነው። መንገድ ላይ ሸራው ይሰረቃል ካልክ የሚያብረቀርቀውን መጋረጃ ከውስጥ አድርግ። የሚያበራው ፊት ወደ መስታወቱ ይሁን፣ ዳር ዳሩም በደንብ ይግጠም። ሁሉም የሚረሳው ግን የኋላውን መስታወት ነው። ባለ ነጠላ ጋቢና ፒክአፕ ላይ ይህ መስታወት ከማጅራትህ አንድ ስንዝር ነው የሚርቀው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይን ጀርባህ አድርገህ ስትነዳ «ጭንቅላቴ ፈላ» የሚያሰኝህ እሱ ሊሆን ይችላል። እይታህን የማይከለክል ወንፊት መሰል መጋረጃ አድርግለት።

ጥቁር መለጠፊያውን በተመለከተ፣ ጥቁረቱ አያታልልህ። ከፀሐይ ኃይል ግማሽ ያህሉ ዓይናችን የማያየው ጨረር ነው። ተራው ጥቁር ፕላስቲክ ብርሃኑን ይቀንሳል እንጂ ብዙውን ሙቀት ራሱ ይጠጣዋል። መስታወቱ ይግላል፣ ከዚያ ትከሻህ ላይ ይተነፍሳል። ሴራሚክ የሚባለው ዓይነት ነጣ ብሎም ቢሆን የማይታየውን ጨረር በተሻለ ያግዳል። ዋጋው ከፍ ይላል። ለአንተ የሚጠቅምህ በሩ ላይ ያሉት ሁለት መስታወቶችና የኋላው ናቸው። ሕጉ ምን ያህል ጥቁረት እንደሚፈቅድ አስቀድመህ ጠይቅ፣ በተለይ የፊት መስታወት ላይ። ማታ በጥቁር መስታወት እግረኛ አለማየት ከሙቀት የባሰ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጠኝ ሥራ ጣሪያው ነው። የአሮጌ ፒክአፕ ጣሪያ ምንድን ነው? አንድ ላሜራ፣ ከሥሩ እንደ ካርቶን ያለ ልባጥ፣ ከዚያ ያንተ ፀጉር። ቀትር ላይ ከውስጥ እጅህን ልባጡ ላይ አድርግ። ትኩስ ከሆነ ጣሪያው ላይ የምታወጣው ገንዘብ አይባክንም።

መጀመሪያ ቀለሙ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሰዎች አንድ ዓይነት የሆኑ ጥቁርና ብርማ መኪኖችን ፀሐይ ላይ አቁመው ለኩ። የብርማው ጣሪያ ከጥቁሩ እስከ 25 ዲግሪ ቀዝቅዞ ተገኘ። የውስጡ አየር ደግሞ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ። መኪናዋ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ከሆነች ጣሪያዋን ብቻ ነጭ አስቀባት። አሮጌ ፒክአፕ ላይ ባለ ሁለት ቀለም እንደውም ያምራል። ነጭ ከሆነች ይህን ዝለለው፤ ብቻ እጠባት። አቧራ የለበሰ ነጭ ነጭ አይደለም።

ከዚያ ልባጡን አውርደህ ፎሙን ከላሜራው ጋር ለጥፍ። ፎሙ ከታች በኩል ፎይል ያለው ከሆነ፣ በእሱና በልባጡ መሀል ትንሽ ባዶ አየር ተው። ፎይል ወለል ላይ ያጣውን ሥራ እዚህ ያገኛል። ማስቲሹን ግን በርካሽ አትግዛ። ሙቀት የሚችል ተብሎ የተጻፈበት ይሁን። ተራ ማስቲሽ የመጀመሪያው የበጋ ቀን ላይ ይቀልጣል። አንድ ጊዜ የደንበኛ ልባጥ እየነዳሁ ሳለ እንደ ሻሽ ራሴ ላይ ወርዶ ያውቃል። የለጠፍኩት ራሴ ስለነበርኩ የምወቅሰው ሰው አልነበረም።

አየር ማስገቢያውን በአጭሩ። ከፊት መስታወቱ በታች፣ ዝናብ መጥረጊያዎቹ አጠገብ፣ ወንፊት አለ። ንጹሕ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ክፈተውና ቅጠሉን፣ ጭቃውን፣ አንዳንዴም የአይጥ ጎጆውን አውጣ። በሩ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ መስታወት ካላት አንተ ዕድለኛ ነህ። ከግማሽ በላይ ወደ ውስጥ ገልብጣት፣ እንደ ማንኪያ አየር ቀድታ ደረትህ ላይ ታፈስልሃለች። የበሩን መስታወቶች ስትከፍት ያንተን ጥቂት፣ የወዲያኛውን ሰፋ አድርግ። ነፋሱ ጋቢናውን አቋርጦ እንዲያልፍ ነው። የኋላው ተንሸራታች መስታወት ብቻውን ተከፍቶ ሲነዳ ግን አልወድም። ከጋቢናው ጀርባ የሚፈጠረው ሽክርክሪት ጭስ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል።

ቆማ የጋለች መኪና ውስጥ ዘለህ አትግባ። የተሳፋሪውን በኩል መስታወት ሙሉ በሙሉ አውርድ። ዞረህ የራስህን በር አምስት ስድስት ጊዜ ክፈት ዝጋ፣ ክፈት ዝጋ። በሩ እንደ ማራገቢያ ይሆንና የታሰረውን ትኩስ አየር ይገፋዋል። የሚያይህ ሰው ያበድክ ይመስለዋል። ይምሰለው።

ኤሲውን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት በምክንያት ነው። ቀዳዳውን ሳትደፍን፣ ሂተሩን ሳትዘጋ ኤሲ ብትጠግን በአንድ እጅ እያበረድክ በሌላው እያሞቅክ ትነዳለህ። አሮጌ ኤሲ ያን ሁሉ አይችልም።

«ጋዝ አስሞላ» ላለህ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቅልኝ። ጋዙ የት ሄደ? የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፣ አያልቅም። ዝግ መስመር ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው። ሽንቁሩን ሳያገኙ መሙላት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ሌላም ነገር አለ። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ መኪኖች በአብዛኛው አር 12 በሚባለው ጋዝ ነበር የሚሠሩት። የኦዞን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ ተቋረጠ። የእሱን ቦታ የያዘው አር 134ኤ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር ይቻላል። ግን ዘይቱ ይለያል፣ ከመስመሩ እርጥበት የሚመጠው ማድረቂያ መቀየር አለበት፣ መስመሩ በቫኪዩም መጽዳት አለበት። የሚገባው መጠንም ከድሮው ያንሳል፣ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 90 በመቶ ነው። አዲሱን ጋዝ በድሮው ላይ የሚጨምርልህ ባለሙያ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ሂድ። የማብሰያ ጋዝ የሚሞሉም አሉ። ያበርዳል፣ እውነት ነው። ግን ከሾለከ የሚገባው አንተ ወዳለህበት ጋቢና ነው፣ ደግሞም ይነድዳል።

ጋዙ ሙሉ ሆኖ ሲሄድ የሚያበርድ፣ ስትቆም የሚሞቅ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ አየር ነው። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንዴንሰር፣ የኤሲው ጋዝ ሙቀቱን የሚያራግፍበት ዕቃ፣ በቂ ነፋስ አላገኘም። ሞተሩ እየሠራ፣ ኤሲው በርቶ፣ ከፊት በኩል ኮንዴንሰሩ ላይ ውሃ እርጭ። ለስለስ ባለ ግፊት፣ እጅህንም ከቬንትሌተሩ አርቀህ። ከውስጥ የሚወጣው አየር በደቂቃ ውስጥ ጥሩ አድርጎ ከቀዘቀዘ ምርመራው አለቀ። ኮንዴንሰሩን እጠብ፣ በነፍሳትና በጭቃ ተደፍኗል። ቬንትሌተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ክላች አስፈትሽ። ካልሆነም ከፊቱ ኤሌክትሪክ ፋን አስጨምር። ኤሲውን ስትጠቀም ለመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ መስታወት ከፍተህ ትኩሱን አስወጣ። ከዚያ ዝጋና ማንሻውን የውስጡን አየር መልሶ ወደሚያዞረው አድርግ። የውጭውን 38 ዲግሪ ሁልጊዜ አዲስ እየወሰደ ማቀዝቀዝ ለደከመ ኮምፕሬሰር (የኤሲው ጋዝ መጭመቂያ) ግፍ ነው።

በረዶ የተሞላ ሣጥን ላይ ፋን ገጥመው «የድሃ ኤሲ» የሚሉትን ሳትጠይቀኝ ልመልስልህ። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይወስዳል። አሥር ኪሎው ሲቀልጥ አንድ የመኪና ኤሲ ሩብ ሰዓት ገደማ የሚሠራውን ሠራ ማለት ነው። አሥር ኪሎ ተሸክመህ ለሩብ ሰዓት! አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ግን ወደ ሰባት ኪሎ በረዶ የሚያህል ሙቀት ይወስዳል። አየሩ ደረቅ ከሆነ እርጥብ ፎጣ አንገትህ ላይ ጣል አድርግና ትንሿን የ12 ቮልት ፋን ወደ ራስህ አዙር። ወበቅ ያለበት ቦታ ከሆነ ውሃው አይተንም፣ ፎጣውም ያጥብሃል እንጂ አያበርድህም። መቀመጫህ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ የእንጨት ዶቃ ልብስ አልብሰው። ጀርባህ ሥር አየር ያሳልፋል።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለቱን የሂተር ቱቦዎች ነክተህ የትኛው ትኩስ እንደነበር ጻፍልኝ። የሞተሩን ዓይነትም ጨምርበት። ቫልቩ ከግድግዳው በየትኛው በኩል እንዳለ ካወቅሁ፣ ዳሽቦርድ ሳታስፈታ የሚደረስበት መሆን አለመሆኑን እነግርሃለሁ።